የአሳ ኩሬ ቆሻሻ የማን ቀለብ ነው? የተለያዩ አሳዎችን አብሮ ስለማርባት ማወቅ ያለብሽ

ሪያድ ውስጥ ማዳም ከገበያ አምጥታ «እጠቢው፣ ጥበሺው» የምትልሽ ቡልቲ የእኛው ቀረሶ ወገን ነው። በጣና አካባቢ ቀረሶ፣ አዲስ አበባና ዝዋይ ደግሞ ቆሮሶ ይሉታል። ልዩነቱ እዚህ ገበያ ላይ የምታገኚው ቡልቲ ብዙ ጊዜ ሰው ቆጥሮ ኩሬ ውስጥ ጨምሮ፣ መኖ እየሰጠ ያሳደገው መሆኑ ነው። የእኛ አገር አሳ ግን እስከ ዛሬ በብዛት የሚመጣው በመረብ ከሐይቅ ተጠምዶ ነው።

ይሄ አሁን እየተቀየረ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ፕሮግራም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር አሳንም ስላካተተ በየወረዳው ኩሬ የማስቆፈር ወሬ በዝቷል። «አገር ስገባ ምን ልስራ?» ብላ የምታስብ እህትም ከቤተሰቧ «ኩሬ እናስቆፍር፣ ብር ላኪ» የሚል ስልክ ቢደወልላት አይገርምም። ከመላክሽ በፊት ግን ኩሬው እንዴት እንደሚሰራ ማወቅ አለብሽ። ምክንያቱም የኩሬ ገንዘብ የሚጠፋው በቁፋሮው ብቻ አይደለም፤ ከቁፋሮው በኋላ በመኖ በኩል ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው።

መኖው የት ይገባል?

በመኖ በሚያድግ አሳ እርባታ ትልቁ የሥራ ማስኬጃ ወጪ መኖ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወጪውን ግማሽና ከዚያም በላይ ይወስዳል። የሚያናድደው ነገር ደግሞ አሳው ያንን ሁሉ ሥጋ አያደርገውም። ፕሮቲን የሚባለው የመኖው ዋና ክፍል በውስጡ ናይትሮጅን አለው። አሳው ከዚያ ናይትሮጅን ሰውነቱ ውስጥ የሚያስቀረው በግምት ከሩብ እስከ አንድ ሦስተኛ ነው። የቀረው ወይ ሳይበላ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወይ ኩስ ሆኖ ይወጣል፣ አብዛኛው ግን በአሳው ስንጥብ በኩል አሞኒያ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። አሞኒያ ማለት አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ ላይ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ነው። (እግረ መንገዴን፦ አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ ከክሎሮክስ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅይ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።) ውሃው ውስጥ ሲበዛ አሳውን ይገድለዋል።

ስለዚህ ከአሳ ኩሬ የሚወጣው ቆሻሻ ሌላ ነገር ሳይሆን ገንዘብ ከፍለሽ የገዛሽው መኖ ነው። ውሃውን ወንዝ ውስጥ ብትለቂው ገንዘብሽም አብሮ ይሄዳል፤ ለታች ሰፈር ደግሞ ችግር ይሆናል። ጣና ላይ እምቦጭ እንዴት እንደተስፋፋ ሰምተሻል። አረሙ እንዲያ የሚፋፋው ከየማሳው በታጠበ ማዳበሪያና በፍሳሽ፣ ማለትም ተጠቃሚ ባጣ ቀለብ ነው።

መላው እንግዲህ አንዱ የጣለውን የሚበላ ሌላ ፍጥረት ማስገባት ነው። የተለያየ ነገር የሚበሉ ፍጥረታትን በአንድ ውሃ ወይም በተያያዘ ውሃ ማርባት ይሉታል።

ባህር ላይ የሚሰሩት

ቻይናዎች የቆዩበት ነው። አንድ ኩሬ ውስጥ ሳር የሚበላውን፣ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አልጌ የሚያጣራውንና ጭቃ ውስጥ የሚፈልገውን የካርፕ ዓይነት አንድ ላይ ይጨምራሉ። ሦስቱም አፋቸው የተለያየ ስለሆነ አይሻሙም። በደቡብ ቻይና በፐርል ወንዝ አካባቢ ደግሞ በኩሬው ዳርና ዳር የሐር ትል የሚመገበውን የእንጆሪ ዛፍ ይተክላሉ። የትሉ ኩስ ወደ አሳው ይጣላል፤ የኩሬው ጭቃ ደግሞ በየጊዜው እየተዛቀ ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል። ሻንዶንግ ውስጥ ሳንጎ በሚባለው ወሽመጥ ነገሩ በገመድ ነው፦ የባህር ሳር፣ ኦይስተርና ሌሎች ባለ ቅርፊት የባህር እንስሳት ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ያድጋሉ።

ካናዳ ውስጥ በፈንዲ ወሽመጥ ሳልሞን ከሚረባበት መረብ አጠገብ ሙስል የሚባሉትን ጥቋቁር ባለ ቅርፊቶችና የባህር ሳር አብረው አሳድገዋል። ሙስሉ ደቃቁን ቅንጣት ያጣራል፣ የባህር ሳሩ የሟሟውን ይመጣል። እዚያ የሚሰሩት የኒው ብራንዝዊክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲየሪ ሾፓን የዚህን አሰራር ስም ዛሬ በዓለም ከሚታወቅበት ቅርጽ ካደረሱት አንዱ ናቸው።

ሳዑዲም ውስጥ ቅርብ ነገር አለ። ከጅዳ በስተደቡብ በቀይ ባህር ዳር አል ሊት ላይ ያለው ትልቁ የአገሪቱ የባህር እርሻ በዋናነት የሚያመርተው ሮብያን (ጀምበሪ) ቢሆንም የባህር ኪያርም ያረባል። የባህር ኪያር ተክል አይደለም፤ ወለል ላይ እየተሳበ አሸዋና ደለል የሚውጥ፣ ምግቡን ለይቶ አሸዋውን መልሶ የሚያወጣ እንስሳ ነው። እስያ ውስጥ በውድ ይሸጣል።

አገራችን ባህር ስለሌላት ሙስሉና የባህር ኪያሩ ለእኛ አይሆኑም። ሐሳቡ ግን በጣፋጭ ውሃም ይሰራል።

ሪያድ፦ ውሃ በሌለበት አገር

እዚህ አገር መሀል ያሉ እርሻዎች ቡልቲን የሚያረቡት ከጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ነው። ያ ውሃ ከጥልቅ ተስቦ አንዴ ለአሳ ውሎ የሚደፋ አይደለም፤ ዋጋው አይፈቅድም። ስለዚህ ከአሳው ገንዳ የወጣው ውሃ ወደ ቴምር ዛፍ፣ ወደ በርሲም (አልፋልፋ) ወይም ወደ ሌላ ሰብል ይለቀቃል። በሪያድ የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (በፈረንጅ) በአሳ ኩሬ ውሃ ስንዴ አጠጥተው ሞክረዋል። ያገኙት፣ ውሃው ራሱ ናይትሮጅን ስላለበት ገበሬው ከሚገዛው ማዳበሪያ የተወሰነውን ሊቀንስለት እንደሚችል ነው።

ከሁሉም ምሳሌ ይሄኛው ለእኛ የሚጠቅም ይመስለኛል። አብሮ ማርባት ማለት የግድ ሁሉም ፍጥረት አንድ ኩሬ ውስጥ መግባት አለበት ማለት አይደለም። አሳው እዚህ፣ ሽንኩርቱ እዚያ፣ በመሀል አንዲት ቦይ ካለች በቂ ነው።

አገር ቤት አብረው የሚስማሙት

ኢትዮጵያ ውስጥ ለኩሬ የሚሆኑት አሳዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ካርፕ።

ቀረሶ አልጌ ይበላል። ኩሬው አረንጓዴ ከሆነ ግማሽ ቀለቡን ራሱ ይለቅማል፤ ፋጉሎና ፉሩሽካ ደግሞ ከላይ ይጨመርለታል። ችግሩ ወላድ ነው። ወንድና ሴት አንድ ላይ ከገቡ በወራት ውስጥ ኩሬውን በጫጩት ይሞሉታል፤ ያኔ መኖሽን ሁሉም ይካፈለውና እንደ ጣት የቀጠነ አሳ ብቻ ታወጫለሽ። ብዙ ሰው ኩሬ ያስቆፍርና በዓመቱ «አሳው አላድግ አለ» የሚለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አምባዛ ይገባል። አምባዛ ሥጋ በል ነው፤ የቀረሶውን ትርፍ ጫጩት እየበላ ራሱም ይወፍራል። ለአስር ቀረሶ አንድ አምባዛ ያህል ይበቃል። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጀመሪያ ቀረሶው ገብቶ ትንሽ ይደግ፣ አምባዛው ከሱ አንሶ ኋላ ይግባ። ትልቅ አምባዛ ቀድሞ ከገባ የገዛሽውን ጫጩት በሙሉ ቁርስ ያደርገዋል። ሌላው ጥሩ ጠባዩ አየር ከላይ መሳብ መቻሉ ነው፤ ውሃው ቢበላሽ ከሌሎቹ ይልቅ ይቆያል።

ካርፕ ጭቃ ቆፋሪ ነው። ወለል ላይ የወደቀውን የመኖ ትርፍና ትላትል ይለቅማል። ብርድም ከቀረሶ የተሻለ ይችላል። ነገር ግን የአገራችን አሳ አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ነው። ዝዋይና ቆቃን የመሳሰሉ ውሃዎች ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ኩሬሽ ጎርፍ የሚያገኘው ወንዝ ዳር ከሆነ ካርፑን ባትሞክሪው ይሻላል፤ አምልጦ ወንዝ ከገባ መልሶ የሚሰበስበው የለም። በአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ላይ የወጣ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 315/1995። ሕያው አሳ ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ከማዘዋወራችሁ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ዶሮ ከላይ፣ ጎመን ከታች

የአረንጓዴው ውሃ ምስጢር ማዳበሪያ ነው። አንዳንዱ የዶሮውን ቤት ኩሬው ላይ በእንጨት ያቆመዋል፤ ኩሱና የፈሰሰው ጥሬ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይወድቃል፣ አልጌ ይበቅላል፣ ቀረሶ ይበላል። ጥሩ ነው፤ ግን ልኩን ብዙ ሰው ይስታል። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ የሚበቃው ከ5 እስከ 10 ዶሮ ብቻ ነው። 50 ዶሮ ከላይ ካሰፈርሽ ኩሬው አሳ ማርቢያ መሆኑ ይቀርና ሽንት ቤት ይሆናል።

ለምን? አልጌው ቀን ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱ ኦክስጅን ይወስዳል። አልጌው ከልክ ካለፈ ሊነጋጋ ሲል ውሃው ውስጥ አየር ያልቃል፤ አሳው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ያልቃል። መለኪያው ቀላል ነው። ክንድሽን እስከ ክርንሽ ድረስ ውሃው ውስጥ አስገቢ። መዳፍሽ ፈጽሞ ካልታየሽ አልጌው በዝቷል፦ ኩስም መኖም ይቁም፣ ንጹሕ ውሃ ይጨመር። መዳፍሽ ወለል ብሎ ከታየሽ ደግሞ ቀለብ አንሶታል ማለት ነው።

ኩሬው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃና ጭቃ ለአትክልት ይወጣል። ለሽንኩርት፣ ለበቆሎ፣ ለሙዝ፣ ለግጦሽ ሳር ይስማማል። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን፣ በተለይ የዶሮ ኩስ የገባበት ከሆነ፣ ቅጠሉ ላይ እንዳታፈሱት። ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ይኖርበታል። አሳውም ለገበያ ከመውጣቱ ቀደም ብሎ ኩሱ መቋረጥ አለበት።

በዩቲዩብ የምታይው ሌላ ዓይነት አለ፦ አሳው በገንዳ፣ አትክልቱ አፈር በሌለው ጠጠር ላይ፣ ውሃውን ፓምፕ እያዞረው። ሥራው ትክክል ነው። በጠጠሩ ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ደረጃ በደረጃ ተክል ወደሚወደው ናይትሬት ይቀይሩታል፤ እነሱ እስኪደራጁ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ፣ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃም ይገድላቸዋል። ዋናው ጉዳይ መብራት ነው። ፓምፑ ከቆመ በጠባብ ገንዳ የታጨቀ ቀረሶ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። መብራት በሚሄድበት አካባቢ የመጀመሪያ ገንዘብሽን እዚያ ላይ እንድታውይ አልመክርም። የአፈር ኩሬ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይቅር ባይ ነው።

ቦታው

ቀረሶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚደርስ ውሃ ደህና ያድጋል። ከ20 በታች ሲወርድ ማደጉ ይንቀራፈፋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ይሆናል። ሸዋ ሮቢትና ቆቦ አካባቢ ያለው ቆላም ይሆናል፣ ውሃ ካለ። ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2,800 ሜትር ናት። እዚያ ቀረሶ ላስረባ ማለት ብርድ ልብስ የሌለው እንግዳ መጥራት ነው።

የውሃውን ነገር በጀሪካን አስቢው። አንድ 100 ካሬ ሜትር ኩሬ በትነትና በስርገት በቀን አንድ ሳንቲ ሜትር ቢጎድል፣ የጎደለው 1,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን፣ በየቀኑ። አሸዋማ አፈር ከዚህም በላይ ይጠጣል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚመጣ ምንጭ ወይም የመስኖ ቦይ ከሌለ፣ ወይም አፈሩ ሸክላማ ካልሆነና ጂኦሜምብሬን (የኩሬ ሸራ) መግዛት ካለባችሁ፣ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሒሳቡ

እንደ ምሳሌ ያንኑ 100 ካሬ ሜትር ኩሬ እንውሰድ። በካሬ ሁለት ብትጨምሪ 200 የቀረሶ ጫጩትና 20 አምባዛ ይገባል። ወፍም ይወስዳል፣ ይሞታልም፤ 160 ቀረሶ ተርፎ ሞቃት ቦታ ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ውስጥ እያንዳንዱ 200 ግራም ቢደርስ 32 ኪሎ ነው። 15 አምባዛ በግማሽ ኪሎ ሲታሰብ 7.5 ኪሎ። ድምሩ 40 ኪሎ ገደማ።

40 ኪሎ አሳ ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆች ይበሉታል፣ ትርፉ ይሸጣል። ከሪያድ ደመወዝሽ ጋር የሚወዳደር ገቢ ግን አይደለም፣ «ነው» የሚልሽም ካለ ሒሳቡን በኪሎ ያሳይሽ። አሁን መኖውን እይው። ሁሉም በተገዛ መኖ ቢያድግና ለአንድ ኪሎ አሳ ሁለት ኪሎ መኖ ቢፈጅ 80 ኪሎ መኖ ያስፈልጋል። አረንጓዴው ውሃ ግማሹን ከሸፈነልሽ 40 ኪሎው ኪስሽ ውስጥ ቀረ። በዚያ ላይ የአትክልቱ ማዳበሪያ አለ። አብሮ ማርባት ትርፍ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ አሳው ብቻውን በጭንቅ የሚያወጣውን ወጪ ዶሮው እንቁላል፣ ማሳው ሽንኩርት እየሰጡ ያግዙታል።

ገበያው ወቅት አለው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለብቻው ይቆይና፣ በሁዳዴ ወቅት አሳ ፈላጊ እንደሚበዛ ማንም የከተማ ሰው ያውቀዋል። ጫጩቱ የሚገባበት ጊዜ ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ቢሆን ይሻላል። ጾሙ የካቲት ላይ ከሆነ ጫጩቱ ክረምቱ ላይ መግባት አለበት ማለት ነው፤ የክረምቱ ብርድ ደግሞ እድገቱን ስለሚጎትተው ደጋ አካባቢ ከዚያም ቀደም ይበል።

ከሪያድ ሆነሽ ብር ከመላክሽ በፊት

መጀመሪያ ሰው ይላክ እንጂ ብር አይላክ። ከቤተሰብሽ አንዱ የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይዞ ቦታውን ያሳይ። ጫጩት የሚገኝበትንም ይጠይቅ፦ ሰበታ ያለው የብሔራዊ የአሳና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጫጩት ያዘጋጃል፤ ለአማራ ክልል ደግሞ ባሕር ዳር ያለው የአሳ ምርምር ማዕከል አለ። ጫጩት በኦክስጅን በተሞላ ፕላስቲክ በማለዳ የሚጓጓዝ ነገር ስለሆነ የመንገዱ ርቀትና አሁን ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከዋጋው እኩል ይታሰብ።

መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ሳይታወቅ ቁፋሮ አይጀመር። በወንድምሽ ወይም በአጎትሽ ስም ከሆነ ኩሬውም የነሱ ነው፤ ስምምነታችሁን በምስክር ፊት በጽሑፍ አድርጉት። ውክልና መስጠት ካለብሽ በሪያድ ኤምባሲያችን በኩል ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ልዩ ውክልና ስጪ፤ ሁሉንም ንብረትሽን የሚያስሸጥ ጠቅላላ ውክልና ለኩሬ አያስፈልግም። የምትልኪውን በባንክ ላኪ፣ ደረሰኙንም አስቀምጪ። አንድ ላይ አትላኪው፤ ለቁፋሮ፣ ለጫጩት፣ ለመኖ እየከፋፈልሽ፣ የፊተኛው መሠራቱን ካየሽ በኋላ ቀጣዩን።

ማየት ስልሽ በቪዲዮ ነው። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ስለሆነ አይወናበድብሽም። ቀትር ላይ የተቀረጸ ኩሬ ሁሌም ያምራል፤ ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይቅረጹልሽ። አሳው ከላይ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ከሆነ ወዲያው መኖና ኩስ እንዲያቆሙ ንገሪያቸው። ክንዳቸውን አስገብተው መዳፋቸውን ያሳዩሽ። በወር አንዴ ደግሞ አስር ቀረሶ በመረብ አውጥተው በሚዛን ይመዝኑልሽ፤ 160 ቀረሶ በአማካይ 100 ግራም ከደረሰ ጠቅላላው 16 ኪሎ ነው፣ የቀን መኖውም ከዚያ 3 በመቶ፣ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ከዚያ በላይ መኖ እየተገዛ ነው ከተባልሽ ወይ ይባክናል፣ ወይ ኩሬው ጋ አልደረሰም።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሳው በፊት ይሠራ፦ አጥር። ኩሬው ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ። የኩሬው ዳር ሳርም በየጊዜው ይታጨድ፤ ወባ ባለበት ቆላ ትንኝ የሚራባው እዚያ ሳሩ ሥር፣ አሳው በማይደርስበት ነው።